የጤፍ ዋጋና የመንገድ ኬላ

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤታችን ጋራ ወደ መርካቶ ወርደን፣ በእህል በረንዳ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ጠየቅን። የተነገረን ዋጋ ካሰብነው እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ፣ ባለቤታችን «አባቴ፣ እግዚአብሔርን አይፈሩምን?» ብለው ተቆጡ፤ እኛም በልባችን በነጋዴው ፈረድንባቸው።

ሽማግሌው ግን ሳይቆጡ፣ በጣታቸው እየቈጠሩ እንዲህ ሲሉ አስረዱን፤ «ልጄ፣ ይህ ጤፍ ከደብረ ማርቆስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የመጣ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ድጎማ እየተቀነሰ በመሄዱ የመኪናው ኪራይ ጨመረ። በየኬላው ገመድ ተዘርግቶ ይጠብቀናል፤ አንዱ በደረሰኝ፣ አንዱ ያለ ደረሰኝ ይቀበላል። መኪናው ቆሞ ቢያድር ኪራዩ አብሮት አይተኛም። ይህ ሁሉ ተደምሮ በእናንተ ሌማት ላይ ያርፋል፤ ለገበሬውም የሚደርሰው የተረፈው ነው።»

እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነንና፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 የመዘዋወርን ነጻነት፣ በአንቀጽ 41 በአገሪቱ በማናቸውም ስፍራ ሠርቶ የመተዳደርን መብት እንደሚሰጥ እናውቃለን። ምስክር ሳንሰማ መፍረዳችን አሳፈረን። ባለቤታችንም ይቅርታ ጠይቀው፣ ካሰብነው እኩሌታውን ገዝተን ተመለስን።

እንግዲህ ለጸጥታ የሚፈትሽ ኬላ ይኑር፤ ክፍያ ግን በሕግ በታወቀ ስፍራ፣ በደረሰኝ፣ አንድ ጊዜ ይሁን። ገመድ የሚያዘረጋ ሹምም ሁሉ አስቀድሞ የቤቱን መሶብ ከፍቶ ይመልከት።