ልጆቼን በስንዴ ስቆጥር

የልጆቻችንን ዕድሜ የጠየቀ ሰው ከባለቤቴ ዓመተ ምሕረቱን ከነወሩ ከነቀኑ ያገኛል፤ ከእኔ የሚያገኘው የስንዴ ዝርያ ስም ነው። «ትልቋ ኩብሳ የወጣ ጊዜ፣ ትንሹ መደ ወላቡ የወጣ ጊዜ» ስል እንግዳው ግራ ይገባውና ወደ እሷ ዞር ይላል። እሷም «ተወው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከስንዴ ጋር ሲያወራ የኖረ ሰው ነው» ብላ ቡናውን ትቀዳለታለች። እውነቷን ነው። ሲናና የእርሻ ምርምር ማሳ ላይ በጎረምሳነቴ አጎንብሼ ቀና ያልኩት ዘንድሮ ጡረታ ስወጣ ነው።

የነገሩ መነሻ ግን ጎባ ነው። እኔ የሮቤ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነኝ። ያኔ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባ ነበረች፤ አስተዳዳሪው እዚያ፣ ሆስፒታሉ እዚያ፣ እኔ የተማርኩበት ባቱ ተራራ ሁለተኛ ደረጃም እዚያ። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ ዛሬ መኪና ውስጥ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። እኔ ግን እሑድ ከሰዓት የሳምንት ስንቄን ተሸክሜ፣ ሸራ ጫማዬ እንዳያልቅ ክሩን አስሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በባዶ እግሬ ነበር የምወጣው። ከተማዋ መግቢያ ላይ ስደርስ እግሬን በሣር ጠራርጌ ጫማዬን አጠልቃለሁ፣ ፀጉሬን አበጥራለሁ፤ የከተማ ልጅ ለመምሰል ነዋ! ማን ይታለልልኛል? እናቴ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ለውሳ የሠራችልኝ ጩኮ ከእኔ ቀድሞ ይሸት ነበር።

ሦስት ሆነን የተከራየናት ክፍል ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለጠፈ፣ በሯ በሽቦ የሚዘጋ ነበረች። የጎባን ብርድ የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጉሙ ወርዶ የባህር ዛፍ ጭስ ላይ ይተኛና ከተማው ሁሉ በአንድ ትልቅ ማድቤት ውስጥ ያለ ይሆናል። አከራያችን ማታ ማታ በተሰበረ ገል ፍም ይዘው ብቅ ይሉና «በሉ ልጆቼ፣ እጃችሁን አሙቁና ተኙ፣ ኩራዙ ዓይናችሁን ጨረሰው» ይሉናል። ጠዋት ስንነሳ የሦስታችንም አፍንጫ በጥላሸት ጠቁሮ እየተያየን እንስቅ ነበር።

አንድ ጊዜ በጭነት መኪና ተጭነን ሳነቴ አምባ ወጥተናል። ከጎባ ሽቅብ ጥዱን፣ ኮሶውን፣ አስታውን አልፈን ጅብራው እንደ ዘብ የቆመበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ትንፋሻችን እንደ ጀበና ይጨስ ጀመር። ከፊታችን 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ተዘርግቷል፤ አንዲት ቀይ ቀበሮ የአይጥ ጉድጓድ ላይ አፍንጫዋን ደፍታ ትጠብቃለች፤ እኛ ስንጮህ ቀና ብላ አይታን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያን ያህል መናቅ ከዚያ በኋላ ደርሶብኝ አያውቅም።

በ1977 የማትሪክ ውጤት ሲለጠፍ ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ሆኖ አልተገኘም። የደረሳቸው ጓደኞቼ በዲንሾ፣ በአዳባ፣ በዶዶላ፣ በሻሸመኔ አድርገው የ430 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲጀምሩት፣ እኔ አውቶቡሱ የተወልኝን አቧራ ተቀብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አባቴ አልተቆጣኝም። ከበሬዎቹ መሃል ቀና ብሎ «ለማረስ ከሆነማ አሥራ ሁለት ዓመት ምን አስጠበቀህ?» አለኝ፤ ከዚያ ዕርፉን አቀበለኝ።

በዓመቱ፣ በ1978፣ ሲናና ላይ የእርሻ ምርምር ማዕከል ተከፈተ። በቀን ሠራተኛነት ገባሁ፤ ቆርቆሮው ገና ያብረቀርቅ ነበር። ሥራችን ሲባጎ ወጥረን፣ ችካል ተክለን፣ ከካኪ ፖስታ ዘር እያወጣን በመስመር በእጃችን ማንጠባጠብ ነው። ፖስታው ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን ማንበብና ሳያሳስት መመዝገብ የሚችል ሰው ሲፈለግ የባቱ ተራራ ትምህርቴ ዋጋ አገኘ። አባቴ አንድ ቀን በፈረስ መጥቶ ጉዳችንን ካየ በኋላ «ስንዴ ነው የምትዘሩት ወይስ ጥልፍ ነው የምትጠልፉት?» ብሎ እስከ ማታ ሲስቅ ዋለ።

ያ የካኪ ፖስታ ሽታ፣ የደረቅ ወረቀት፣ የሙጫና የስንዴ ብናኝ ሽታ፣ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ትዳሬንም ያገኘሁት በእሱ ነው። ባለቤቴ ያኔ ጎባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች፤ የጣቷ ድምፅ መስኮቱ ሥር ላለፈ ሁሉ እንደ በረዶ ዝናብ ይሰማል። ለእሷ ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ስጨርስ የማስቀምጥበት ፖስታ ስላልነበረኝ በካኪው ከተትኩት፤ ባዶ እንዳይመስል ብዬ ደግሞ ከማሳው ዳር የቃረምኩትን ምርጥ የስንዴ ዛላ ፈልፍዬ አንድ እፍኝ ጨመርኩበት። ፍቅሬ ይብቀል ማለቴ ነበር፤ ወጣትነት ነዋ። ፖስታውን የተቀበሉት እናቷ ናቸው። ደብዳቤውን ሳያዩ ስንዴውን ምጣድ ላይ አፍስሰው ቆሉትና ለማታ ቡና አቀረቡት። እሷም እየቆረጠመች «እማዬ፣ ይሄ ቆሎ ከየት መጣ?» ብላ ስትጠይቅ ነው ወረቀቱ ከፖስታው ሥር የተገኘው። እስከ ዛሬ እቤታችን የስንዴ ቆሎ «ደብዳቤ» ነው የሚባለው። «ደብዳቤ ቆልቻለሁ፣ ኑ ብሉ» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ለምዶታል።

በ1982 ተጋባንና ሮቤ ላይ የጭቃ ቤት ሠራን። በዓመቱ መንግሥት ተለወጠ፤ ውሎ አድሮም አስተዳደሩ ከጎባ ወደ ሮቤ ወረደ፤ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ከንጋት እስከ ምሽት የማይቋረጥባት ሮቤ ሰው በሰው ሆነች። ባሌ በዓመት ሁለቴ ይዘራል፤ በበልጉ ዝናብ «ጋና»፣ በክረምቱ ደግሞ «ቦና»። እንዲህ ያለ አገር ላይ ዘር የሚያበጥር ሰው ለምጥ የሚሆን ጊዜ የለውም። ትልቋ ስትወለድ የቦና ዘር ላይ ነበርኩ፤ ወሬውን ያመጣልኝ የጋሪ ነጂ ነው፣ ከማሳው ዳር ቆሞ «ሴት ናት!» ብሎ ጮኸ። በእጄ የያዝኩትን ፖስታ አየሁት። በ1987 አካባቢ ነው፣ ኩብሳ ለገበሬ የተለቀቀበት ወቅት፤ ዘሩ ከሜክሲኮ የመጣ፣ ምርቱ የሚያስደንቅ ስንዴ። ትንሹ ደግሞ በ1992 አካባቢ የእኛው የምርምር ጣቢያ መደ ወላቡን ባወጣበት ጊዜ መጣ።

ኩብሳ ባሌን አጠገበ። በታኅሣሥ ኮምባይነሮቹ ተሰልፈው ሲገቡ የናፍጣውና የትኩስ ገለባው ሽታ ከተማ ድረስ ይደርሳል፤ ልጆቼም ከጎረቤት ልጆች ጋር ከኋላቸው ሲሮጡ ውለው ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ይመለሳሉ። ከዚያ 2003 መጣ። ቅዝቃዜውና እርጥበቱ ተስማማውና ቢጫ ዋግ የሚባለው በሽታ ኩብሳ ላይ ወጣ። ማሳ ውስጥ ገብቼ ስወጣ ሱሪዬ በእርድ የተነከረ ይመስላል፤ ባለቤቴ ባጠበችው ቁጥር ውሃው ቢጫ ይሆናል። አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ገበሬ በአጥሩ በኩል ጠርተውኝ እጄን ይዘው «ልጃችሁ ታሞ ነው?» አሉኝ። ስንዴውን ማለታቸው መሆኑ ቆይቶ ነው የገባኝ። ለካ እሳቸውም እንደ እኔ ይቆጥሩታል።

ትልቋ ልጄ አድጋ የተማረችው ሮቤ ከተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስሙ መደ ወላቡ። ያኔ ትንሹ «የእኔን ስም ወሰድሽ» እያለ ያበሽቃት ነበር። እሷም አትሸነፍም፤ «እኔማ በዋግ የተመታሁት ነኝ፣ ምን ስም አለኝ?» ትለኛለች። ኩብሳ ባይኖር የጭቃው ቤታችን ጎረቤት ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ አያለብስም ነበር እላታለሁ፤ ዘር አርጅቶ ለሌላ ዘር ቦታ ይለቃል እንጂ የበላነውን እንጀራ ይዞት አይሄድም።

ባለፈው ሳምንት ይህችው ልጄ ደውላ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ በቀጥታ «አባዬ፣ አያት ልትሆን ነው» አለችኝ። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ወሩን፣ ቀኑን፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ጠየቀች፤ ከዚያ ምጣዱን ጥዳ ደብዳቤ ልትቆላ ገባች። የስንዴው ሽታ ቤቱን ሲሞላው እኔ ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና ጣቢያው ውስጥ ለቀረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ።

«ደህና ነህ ወይ? ዘንድሮ ምን ዘር ልታወጡ ነው?»

«ጡረታ ወጥተህም አትተወንም?» አለኝ እየሳቀ።

«እሱስ ትቻችሁ ነበር፣» አልኩት፤ «ግን የልጅ ልጅ ዕድሜ መቁጠሪያ ቸግሮኝ ነው።»