የሽምብራው ጨዋታ

የልጄን ሱሪ ከማጠቤ በፊት ኪሱን መፈተሽ የቆየ ልማዴ ነው። አንድ ጊዜ መቶ ብር ከእነ ሳሙናው አሽቼ ካሰጣሁ ወዲህ አልዘነጋም። ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ያገኘሁት ግን ብር አልነበረም። አራት ቦታ የታጠፈ የውርርድ ቲኬት ነው። አሥር የእግር ኳስ ጨዋታዎች ተደርድረውበታል፤ ከታች ያስያዘው 500 ብር፣ ከእሱ በታች ደግሞ ቢያሸንፍ የሚያገኘው ዓይን የሚያስፈጥጥ ገንዘብ ተጽፏል። ልጄ ኮምቦልቻ ነው የሚማረው። እኛ ደሴ ሆነን በየሳምንቱ የምንልክለት ገንዘብ ከዚያ ብዙም አይበልጥም።

የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። መጀመሪያ የተናደድኩት እንደ እናት ሳይሆን እንደ አስተማሪ ነው ብል እንዳትስቁብኝ። ልብሱን ዘፍዝፌ እስክሪብቶ አነሳሁ። እያንዳንዱን ጨዋታ በትክክል የመገመት ዕድሉ ከመቶ ስልሳ ነው እንበል፤ ይህም የእናት ግምት ሆኖ እንጂ የበዛ ነው። አሥሩም አብረው እንዲሳኩ 0.6 አሥር ጊዜ በራሱ ይባዛል። መልሱ ከሺህ ስድስት ገደማ ነው። ከሺህ እንዲህ ዓይነት ቲኬት 994ቱ ለሱሪ ኪስ ማሞቂያ ይሆናል ማለት ነው። ይህንን ትምህርት ለዚሁ ልጅ ራሴ ነበርኩ ያስተማርኩት።

ማታ ሲመጣ ቲኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አላፈረም። "እማዬ፣ ዘጠኙ እኮ ገብቶልኝ ነበር! አንዷ ጨዋታ ናት የበላችኝ" አለ። ዘጠኝ መግባቱ ለእሱ ለጥቂት መሳቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ለውርርድ ቤቱ ዘጠኝም አንድም ያው ነው።

ከዚያ ለአባቱ እንዳልነግር ለመነኝ። ይቆጣኛል ብሎ መስሎኝ ነበር። "አይ፣ አይገባውም። አባዬ በሕይወቱ ደፍሮ አያውቅም። ያኔ ደፍሮ ቢሆን ኖሮ ሱቃችን..." ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ዋጠው እንጂ ሰማሁት።

በጥቅምት 2014 ደሴ ምን እንደምትመስል የነበረ ያውቃል። ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለው ሰው ትምህርት ቤቶቻችንን ሞልቶ ነበር፤ እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ሕፃናት ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ይተኙ ነበር። ጦርነቱ ይደርሳል፣ አይደርስም፣ ሁሉም የየራሱ ወሬ አለው። ባለቤቴ ፒያሳ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። ለመጪው ሰርግ ሰሞን ብሎ በብድር ዕቃ የሞላበት ወቅት ነው። አንድ ሌሊት ሳሎን ቁጭ ብሎ አደረ። ሲነጋ "ልጆቹን አልብሺ፣ እንሄዳለን" አለኝ። ሱቁን ቆልፎ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ሌላ ጊዜ ከአንድ ሰዓት የማይበልጠው መንገድ ያን ቀን አላልቅ አለ፤ ሰው በእግሩ፣ በአህያው፣ በጋሪው ይወርዳል። ከዚያ በከሚሴ አድርገን ሸዋን አቋርጠን አዲስ አበባ እህቴ ቤት ገባን። የሱቅ ጎረቤቱ ግን "እኔ የትም አልሄድም" ብሎ ቀረ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሁለቱም ከተሞች ወደ መንግሥት እጅ ተመለሱ፤ እኛም ተመለስን። ሱቃችን መደርደሪያው ሳይቀር ባዶ ነበር። የጎረቤታችን ሱቅ እንዳለ ቆየን፤ ሰውየው በሩ ላይ ሲተኛ ነበር የከረመው። ሰው ሁሉ "ወንድ ማለት እሱ ነው" አለ። ባለቤቴ ዕዳውን በሦስት ዓመት ከፈለ፣ ስለዚያ ሌሊት ግን ከማንም ጋር አላወራም። ልጄ ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የሄደ ሰው እንደከሰረ፣ የቀረ ሰው እንዳተረፈ በዓይኑ አየ። የቲኬቱ ነገር ከኳስ ፍቅር ብቻ የመጣ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ማታ ነው።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለገና መጥቶ የተወልን አንድ እሽግ ካርታ ነበር። በእኛ ቤት ካርታ ማለት ኮንከር ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ከቡናው ቀጥሎ የሚመጣ። እሱ ግን ፖከር አስተማረን። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጣል፣ አምስት ካርታ ደግሞ ደረጃ በደረጃ መሐል ላይ ይገለጣል። ከሰባቱ የተሻሉትን አምስት የያዘ ያሸንፋል። በየደረጃው መደቡ ይጨመራል። ያልተዋጠለት ካርታውን ይጥላል፣ እስከዚያ ያስያዘው ግን ይቀራል። በገንዘብ አይሆንም ስላልኩ ለእያንዳንዳችን ሃምሳ ሃምሳ ሽምብራ ቆጠርን።

እኛ የተጫወትነው የውድድር ፖከር አንድ የራሱ ሕግ አለው፤ ሽምብራው ያለቀበት ከጠረጴዛው ይነሳል፣ ተመልሶ መግዛት የለም። ደግሞ ዝም ብሎ ጥሩ ካርታ መጠበቅም አይቻልም። በተራ የሚደርስ የግዴታ መደብ አለ፤ እሱም በየጊዜው ከፍ ይላል። መቀመጥም ያስከፍላል ማለት ነው።

ልጄ ገና ያን ጊዜ አጨዋወቱ አንድ ነበር። ደህና ካርታ ካየ ያለውን ሽምብራ በሙሉ ወደ መሐል ይገፋል። ብዙ ጊዜ ይበላል። ከዚያ ግን ከሁላችንም ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ሁለት አስ ይዞ መነሳት ከሚቻሉት ጅምሮች ሁሉ ትልቁ ነው፤ የሚገኘውም ከ221 አንዴ ነው። ያም ሆኖ ሌላ ጥንድ ከያዘ ሰው ጋር እስከ መጨረሻው ሲገጥም ከአምስት አንዴ ገደማ ይሸነፋል። በእንዲህ ያለ ከመቶ ሰማንያ ዕድል አምስት ጊዜ ሁሉንም ማስያዝ፣ አምስቱንም ተርፎ የመገኘት ዕድሉ 33 ከመቶ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ ብቻውን ሲታይ ያማረ ነው፤ አምስቱ ሲደረደሩ ግን ከጠረጴዛው ያስነሳሉ።

ስለ ቲኬቱ ስንጨቃጨቅ ልጄ ይህንኑ አመጣብኝ። "አጎቴስ ይጫወት የለም እንዴ? እሱን ምንም አትይውም።" እውነቱን ነው። ስልክ ደወልንለት። ልጄ በ2003 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ ላይ የዓለምን ትልቁን የፖከር ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የወሰደውን የቴነሲውን ሂሳብ ሠራተኛ፣ ክሪስ መኒሜከርን፣ ጠቀሰለት። ወንድሜ ሳቀ። "የተወዳደሩት 839 ነበሩ። ስለ አብዛኞቹ ማን አወራህ?" አለው። ቀጥሎም እሱ ራሱ የዓመቱን ሲያሰላ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሎ እንደሚወጣ ነገረው። ይህንን እኔም አላውቅም ነበር፣ ሚስቱም የምታውቅ አይመስለኝም።

የፖከሩና የውርርድ ቤቱ ልዩነት ግን አለ። ፖከር ላይ የምትገጥመው እንዳንተው የሚሳሳት ሰው ነው። ውርርድ ቤት ዋጋውን አንተ ሳትገባ ጽፎ ጨርሷል። ሳንቲም ብንወረውር ለአንድ ብር ተገቢው ክፍያ ሁለት ብር ነው፤ ቤቱ 1.90 ቢጽፍ ከመቶ አምስቱን ለራሱ አስቀረ። ትንሽ ይመስላል። አሥር እንዲህ ዓይነት ጨዋታ በአንድ ቲኬት ሲደረደር ግን አምስቷ ተባዝታ አርባ ትሆናለች፤ ከመቶ ብር በአማካይ የሚመለሰው ስልሳ ብቻ ነው። ረጅሙ ቲኬት የሚወደደው በዚህ ነው፣ በቤቱ።

ወንድሜ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ለእኔ ሌላ ነገር ነገረኝ። አኒ ዱክ የምትባል የቀድሞ ፖከር ተጫዋች በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሰው ውሳኔን በውጤቱ የመመዘን ክፉ ልማድ እንዳለበት ጽፋለች። ሰክሮ ነድቶ ቤቱ በሰላም የገባ ሰው ጥሩ ወሰነ አይባልም። ሊሆን ይችል የነበረው ሁሉ መቆጠር አለበት። የዕድል ሂሳብ ራሱ እንዲህ ነው የጀመረው፤ በ1654 እ.ኤ.አ. ፓስካልና ፌርማ የተባሉት ፈረንሳዮች በደብዳቤ ሲከራከሩ የነበረው መሐል ላይ የተቋረጠ ጨዋታ መደብ እንዴት ይከፈል በሚል ነው። መልሳቸውም የሆነውን ሳይሆን ገና ሊሆን የሚችለውን ቁጠሩ የሚል ነበር። ተማሪዎቼ ይህንን ታሪክ ስነግራቸው ያዛጋሉ። እኔ ግን ያን ማታ ስለ ባለቤቴ አሰብኩ።

በማግሥቱ እሁድ ነበር። ቡና ከጠጣን በኋላ ካርታውን አወጣሁ፤ ልጄ፣ ታናሽ እህቱ፣ አባቱና እኔ ሽምብራ ተካፈልን። ባለቤቴ እንደ ወትሮው ይጥላል፣ ይጥላል። "አባዬ ፈራ" ይላል ልጄ። እሱ መልስ የለውም። የግዴታ መደቡ ከፍ ብሎ ሽምብራው አሥራ ሁለት ሲቀር ግን ሳይጠበቅ ሁሉንም ወደ መሐል ገፋ። ሁላችንም ደንግጠን ጣልን። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። ቁልሉ አደገ።

ከዚያ ከልጁ ጋር ብቻቸውን ተፋጠጡ። መሐል ላይ ከዚያ በፊት ያላየነው ክምር አለ። ልጄ እንደ ልማዱ ያለውን ሁሉ ገፋ። ባለቤቴ ካርታዎቹን እንደገና አያቸውና ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ገልብጦ ጣላቸው።

"ምን ይዘህ ነበር?" አለ ልጄ እጁን ዘርግቶ።

ባለቤቴ መዳፉን ካርታዎቹ ላይ አደረገ። "የተጣለ ካርታ አይታይም።"

"ጥሩ ነበር አይደል? ብትቆይ ትበላኝ ነበር።"

"ሊሆን ይችላል" አለው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ፣ "ያን ሌሊትም ቆጥሬ ነበር። ሱቁ ሁለት ጊዜ ሊሞላ ይችላል። እናንተ ግን ሦስት ነበራችሁ" አለ።

ልጄ እጁን ሰበሰበ። ማንም ምንም አላለም። የምታድለው ሴት ልጄ ስለነበረች ካርታውን ሰብስባ መበወዝ ጀመረች። በመጨረሻ ያሸነፈችውም እሷ ናት፤ ሽምብራውን በማግሥቱ ቆልተን በላነው።

የልጄን ኪስ አሁንም እፈትሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ቲኬት አገኘሁ። 50 ብር፣ ሁለት ጨዋታ። ለባለቤቴ አሳየሁት። ይህንን እንኳ አልደበቅኩትም። መነጽሩን አድርጎ አየውና "ስንት ከመቶ ነው?" አለኝ።

"ሠላሳ ስድስት።"

"ከበፊቱ ይሻላል" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።