ከነቀምቴ እስከ ቦጂ፤ ስለ መንደር ተማሪ ቤት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በባኮ በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ነቀምቴን በደጋው ላይ ያገኛታል። ከዚያም የዴዴሳን ወንዝ ተሻግሮ በጊምቢ ካለፈ ወደ ቦጂና ወደ ነጆ ይደርሳል። መንገደኛ ኹሉ በነቀምቴ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳን ግቢ ይጐበኛል። እኛ ግን ለአባቶችና ለእናቶች የምንነግረው ስለ ተማሪ ቤት ነው።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1898 ዓመት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ዳንኤል ሉሉ ወደ ቦጂ ቀርቀሮ መጡ። በ1904 ዓመት ደግሞ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ነቀምቴ ገቡ፤ ደጃዝማች ኩምሳም በመልካም ተቀበሏቸው። እነዚህ ኹለቱ በልጅነታቸው ከአገራቸው ተነጥቀው በባርነት የነበሩ፣ በኋላም ነጻ ወጥተው በምጥዋ አጠገብ በስዊድን ሚሲዮን የተማሩ ናቸው። በ1894 ዓመት የታተመውን የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ያዘጋጁት እነርሱ ስለ ኾኑ፣ ሕፃናቱን በእናታቸው ቋንቋ አስተማሩ። ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1905 ዓመት በእሳት ቃጠሎ ሞቱ፤ የጀመሩት ሥራ ግን ከርሳቸው ጋራ አልጠፋም። ቤት ቢቃጠል ትምህርት በሰው ልብ ውስጥ ይኖራልና።

ይህን ዛሬ ማሰብ ይገባል። ከ2018 ዓመት ወዲህ በወለጋ በተነሣው ውጊያ ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። መንገድ በሚያስፈራበት ጊዜ ልጁን፣ ይልቁንም ሴት ልጁን፣ ወደ ሩቅ ተማሪ ቤት የሚሰድ ወላጅ ጥቂት ነው።

በአፍጋኒስታን ጎር በሚባለው አገር በ2007 ዓመት በ31 መንደሮች ይህ ነገር ተመርምሮ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ቤት ሰጡ፤ ከአካባቢው ሰው መምህር ተመረጠ፤ የርዳታ ማኅበር መጽሐፍ አቀረበ፤ መምህሩንም አሠለጠነ። ተማሪ ቤት በተከፈተባቸው መንደሮች ከመቶ ሕፃናት መካከል የሚማሩት ካልተከፈተባቸው ይልቅ በ42 በለጡ፤ ሴቶች ልጆችም ከወንዶቹ ጋራ ሊተካከሉ ጥቂት ቀራቸው። ምክንያቱም ተማሪ ቤቱ ከእናት ዓይን አልራቀም።

ስለዚህ የወለጋ ሽማግሌዎች አንድ ክፍል ቤት ቢሰጡ፣ ፊደል የሚያውቅ የመንደሩ ልጅም ቢያስተምር፣ ሰላም እስኪጸና ድረስ የሕፃኑ ዕድሜ በከንቱ አያልፍም። የሹማምንትም ድርሻ መጽሐፍና የመምህሩን ደመወዝ መስጠት፣ ሕፃኑንም ፈትኖ በሚገባው ክፍል ማስገባት ነው። የተሰበረ ድልድይ በአንድ በጋ ይጠገናል፤ ሳይማር ያደገ ልጅ ግን የልጅነት ዘመኑን መልሶ አያገኝም።