ሳተላይቱ የሚተውህ ቦታ
ሳድበሪ፣ ማሳቹሴትስ። ዌይሳይድ ኢን በ1716 እ.ኤ.አ. መንገደኛ ማስተናገድ የጀመረ ቤት ነው፤ ስሙን ያገነነው ገጣሚው ሎንግፌሎ በ1863 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ልጆቼ ግን ለታሪኩም ለምሳውም ደንታ የላቸውም፤ ስልኬን ቀምተው ወደ ዛፎቹ ሮጡ። ጂኦካሺንግ ነዋ!

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አንዱ ውኃ የማያስገባ ዕቃ ይደብቅና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይለቃል። ሌላው በጂፒኤስ ሄዶ ያገኘዋል፣ ውስጡ ባለው ደብተር ፈርሞ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከውስጡ ዕቃ የወሰደ በዋጋ የማያንስ መተካት አለበት። ጨዋታው የጀመረው በሜይ 2000፣ አሜሪካ ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን እንዳቆመች ነው፤ ወዲያው ኦሪገን ውስጥ አንድ ሰው ባልዲ ከፊሉን ቀብሮ ፈልጉ አለ። ዛሬ ደንቡ መቆፈርን ይከለክላል፤ የባለይዞታውም ፈቃድ ያስፈልጋል።

እኔ የምወደው ሳተላይቱ አቅም የሚያጣበትን ቦታ ነው። ጥቂት ሜትር ሲቀር ስልኩ መወላወል ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይንና ትዕግሥት ብቻ ነው። ሄንሪ ፎርድ ባሠራው ወፍጮ ቤት አጠገብ ስናልፍ ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ ሁሉም ሥር ሥሩን ያያል። የድንጋይ ካቡን እንዳትነኩ ብዬ ጮህኩ፤ የቆየ ቅርስ ለፕላስቲክ ዕቃ አይፈርስም።

በሚቀጥለው መጀመሪያ ምሳ፣ ከዚያ ፍለጋ ብያለሁ። የሰማኝ የለም።