የፔካ 12 ባዮሎጂ

ባዮሎጂ ሳስተምር የማላምንበት አንድ ምዕራፍ ነበር። ዝግመተ ለውጥ ላይ ስደርስ «ይቺን ለፈተና ያዟት» እላለሁ፤ የካህኑም የሼኹም ልጅ እኩል ይስቃል። የቀጭኔዋን አንገትና የእንግሊዝ አገሯን ጥቁር የእሳት ራት በሰሌዳው ላይ ስዬ እገላገላለሁ። ኮምቦልቻ ቀጭኔ የለ፣ የእሳት ራቷን ያየ የለ፣ ክርክር የሚያነሳም አልነበረም።

ደሞዙ አላኖር ሲለኝ ጠመኔውን ትቼ መሪ ጨበጥኩ። መጀመሪያ ለአጎቴ ልጅ ረዳት ሆንኩ፤ ኋላ በራሴ መንጃ ፈቃድ ተሳቢ ይዤ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ጋላፊ እያልኩ ጅቡቲ መመላለስ ያዝኩ። የጅቡቲን መንገድ የማያውቅ ሰው ፔካ 12ን ወደብ ይመስለው ይሆናል። ወደቡ ሌላ ነው። ፔካ 12 ከተማው ዳር፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚወጣው አውራ ጎዳና ላይ ያለ የመኪና መቆሚያ ሰፈር ነው። ጭነት የሚጠብቅ እዚያ ያድራል፤ ሽሮው፣ ሻዩ፣ ወሬው ሁሉ በአማርኛ ነው። በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ጋቢና ውስጥ መተኛት አይሞከርም። ፍራሽ ከመኪናው ሥር ይነጠፋል፣ ወይ ጭነቱ ላይ ይወጣል። ውኃ ብርቅ ስለሆነ የማያጠራቅም ቤት የለም፤ አቅም ያለው በሮቶ፣ የሌለው በበርሜልና በጀሪካን።

እኔ የማውቃት ወባ ጊዜዋን የምታውቅ ናት። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ውኃ ባቆረበት ቆላ ትነሳለች፤ ደረቁ ሲበረታ ትተኛለች። ጅቡቲ ከተማ ደግሞ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዝናብ የሚያገኝ በረሃ ነው። ስለዚህ ሹፌሮች በጥርና በየካቲት በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ ሳይ ምክንያቱን ሙቀት፣ ምግብ፣ የጫት ምርቃና አደርገው ነበር። እነሱ ግን ወባ ነው ይሉ ነበር፣ ትክክልም ነበሩ። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓመት ውስጥ የመዘገበችው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር፤ በሽታውን ልታጠፋው ተቃርባ ነበር ማለት ነው። በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ አለፈ። የአገሪቱ ሕዝብ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው።

በዚያው በ2012 ከዚያ ቀደም በአፍሪካ ምድር ያልታየች የወባ ትንኝ ጅቡቲ ከተማ ላይ ተገኘች። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ትባላለች፤ አገሯ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ኢራን፣ የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው። የኛዎቹ ትንኞች የዝናብ ኩሬና ረግረግ ይመርጣሉ። እሷ ግን የከተማ ናት፦ ንጹሕ የተጠራቀመ ውኃ ካገኘች በርሜልም ሮቶም የግንባታ ጉድጓድም ይሆናታል። ክረምት አትጠብቅም። በ2016 አገራችን ውስጥ ቀብሪ ደሐር ላይ ተገኘች። በ2022 መጀመሪያ፣ በደረቁ ወራት፣ ድሬዳዋ ላይ ከ2 ሺህ በላይ ሰው በወባ ሲያዝ፣ ወረርሽኙን ያጠኑት ሰዎች ከእሷ ጋር አያያዙት። በጭነትና በሰው እንቅስቃሴ ትዛመታለች የሚለው ግምት ጠንካራ ነው። እኛ ሹፌሮች ይህን ስንሰማ ለጊዜው ዝም ማለታችን አልቀረም።

ረዳቴ የታመመው በነዚህ ዓመታት ነው። በአንድ የግል ክሊኒክ ጣቱን ተወግቶ፣ ደሙ በትንሿ ፕላስቲክ ላይ ጠብ ብሎ፣ «ወባ የለም» ተባልን። የራስ ምታት ማስታገሻ ይዘን ወጣን። ጋላፊን ስናልፍ ልጁ ራሱን አያውቅም ነበር። አገራችን ገብተን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወባው በደሙ ሞልቶ ተገኘ፣ ታከመ፣ ዳነ። እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ድሬዳዋ ውስጥ ላቦራቶሪ ይሠራልና ደወልኩለት።

«ቲቸር፣ መሣሪያው አልዋሸም» አለኝ። «የሚፈልገውን አጥቶ ይሆናል።»

አብዛኛው የጣት ደም ምርመራ ወባውን ራሱን አያይም። ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው ዓይነት የሚረጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው የሚያድነው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል የጎደለው ወባ ደግሞ አለ። ሰውየውን እኩል ያሳምማል፤ ምርመራው ግን አያገኘውም። እንዲህ ያለው ጥገኛ መጀመሪያ የተዘገበው በ2010 ከፔሩ ነው። ኤርትራ ችግሩ ስለበረታባት በ2016 የምርመራ ዓይነቷን ቀየረች። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ያሳተፈና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከ10 የፋልሲፓረም ታማሚ አንዱ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ሊያመልጥ እንደሚችል አሳየ። ጅቡቲ ከተማ ላይ ደግሞ በአንድ ጥናት ከተመረመሩት ናሙናዎች አብዛኞቹ ዘረመሉ የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ተማሪዬ ጠንቃቃ ልጅ ነው። «የረዳትህ ግን ይኸ ይሁን ወይ ያን ዕለት ወባው በደሙ ገና ጥቂት ስለነበር ይሁን፣ ሳልመረምር አልልህም» አለኝ።

ያን ሌሊት ጭነቱ ላይ ተጋድሜ ያሰብኩት ስለ ቀጭኔዋ ነው። ተማሪዎቼን ሳስተምር አነጋገሬ ቀጭኔዋ ቅጠሉ ራቀባትና አንገቷን ዘረጋች የሚል ዓይነት ነበር፤ ችግር ሲመጣ ፍጥረት መላ ይፈጥራል እንደማለት። ወባው ግን ምንም መላ አልፈጠረም። ምርመራውን አይቶ ፕሮቲኑን አልደበቀም። ሲባዛ ዘረመሉን በስሕተት የጣለ አንዳንድ ጥገኛ ከሚሊዮኖቹ መካከል ድሮም ነበር፤ ጥቅምም አልነበረውም፣ ምናልባት ከባልንጀሮቹ ያነሰ ነበር። እኛ ምርመራውን ይዘን መጣን። ፕሮቲኑ ያለበት ተገኘ፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ ሞተ። የጎደለበት ሰው «ነጻ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ትንኝ ነከሰችው፣ ወባው ወደ ሌላ ሰው ተሻገረ። መራጩ እኛው ነበርን ማለት ነው።

ይህ ሲገባኝ የቀረው ሁሉ ተከታትሎ ገባኝ። ኢትዮጵያ የገባችው ስቴፈንሳይ ለብዙ ዓይነት ፀረ ትንኝ ኬሚካል የማትበገር ሆና መገኘቷም ያው ታሪክ ነው። ይኸው ምርጫ በእኛም ደም ውስጥ ይሠራል። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚገባው ዳፊ በተባለ በር ነው፤ አብዛኛው የምዕራብ አፍሪካ ሰው በአንዲት የዘረመል ለውጥ ምክንያት በሩ የለውም። በኢትዮጵያ ያለውም የሌለውም ተቀላቅሏል፤ ቫይቫክስ እኛ ዘንድ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፔካ 12 በአንድ ፍራሽ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ሹፌሮች፣ በአንዲት ትንኝ ቢነከሱ፣ ዕጣቸው ላይገጥም ይችላል። በብልሃታቸው አይደለም፣ በጸሎታቸውም አይደለም። ይህን መጻፍ እስካሁን ይከብደኛል፤ ዛሬም መንገድ ስጀምር አማትባለሁ። ሁለቱን የማስታርቅበት ነገር አላገኘሁም፣ ፍለጋውንም ተውኩት። አጎበር ግን ያለማቋረጥ እይዛለሁ፤ ትኩሳት የያዘው ሹፌር የጣት ምርመራው ባዶ ቢሆንም «ማይክሮስኮፕ ይታይልህ» ብዬ እሟገታለሁ። ሻይ የምትሸጥልን እትዬም የበርሜሏን ክዳን ስለከፈተችው እየተቆጣኋት ተጣልተን ታርቀናል።

በግንቦት 2024 ጅቡቲ ውስጥ አምቡሊ በተባለው ሰፈር ሰው ሠራሽ የዘረመል ለውጥ የተደረገባቸው ትንኞች ተለቀቁ። ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ወንድ ትንኝ አይነክስም። ከዱሯ ሴት ጋር ሲዳቀሉ ሴት ልጆቻቸው ሳያድጉ ይሞታሉ። ወሬው ፔካ 12 ሲደርስ የተሳቀውን ሳቅ መገመት አያዳግትም፤ መንግሥት ትንኝ እያረባ ነው ተባለ። እኔ እንደ መምህርነቴ ሳስረዳ፣ ረዳቴ፣ ያው ታምሞ የነበረው ልጅ፣ አቋረጠኝ።

«ግን ቲቸር፣ ከሴቶቹ መካከል ያ ዘር የማይገድላት አንዲት ብትኖርስ?»

«ትኖር ይሆናል» አልኩት። «ለዚህ ነው ከለቀቁ በኋላ እጮቹን እየሰበሰቡ የሚመረምሩት።»

«ካልመረመሩስ?»

ተራችን ደርሶ ስማችን ተጠራ፤ መኪናውን አስነሳሁ።