ደብዳቤ ስጠብቅ የበሰበሰ ወረቀት

የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር ያ መጋዘን ፊቴ ድቅን ይላል። ዓመታት አልፈዋል፤ ቁጭቱ ግን አልወጣልኝም።

ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ከግቢው ጀርባ ባለው መጋዘን ሁለት ክፍል ሙሉ አሮጌ ወረቀት ተከምሮ ነበር፤ ዘመን ያለፈበት ቅጽ፣ ትርፍ ቅጂ፣ ለስብሰባ ታትሞ ማንም ያልገለጠው ሪፖርት፣ ኮምፒውተር የመጣበት ካርቶን። ሁሉም ደረቅና ንጹሕ ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ ቆራሌ ጥበቃውን አስፈቅዶ ገባና፣ «ጋሼ፣ ይኼን ካልፈለጋችሁት በኪሎ ልግዛችሁ። ካርቶኑን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ ለይቼ ለፋብሪካ የማስረክብበት ሰው አለኝ» አለኝ። «ከበላይ ደብዳቤ ይምጣ» ብዬ መለስኩት። በሳምንቱ መጣ። በወሩም መጣ። ከዚያ ወዲያ ቀረ።

ደብዳቤው እንዲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልጠየቅኩም። አንድ ገጽና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ምስጢር ያለበትን ለይቶ መቅደድ ቢበዛ አንድ ሳምንት ቢፈጅ ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ክረምቱ ገባ፤ ጣራው አፈሰሰ። መስከረም ላይ በሩን ስንከፍት የሻጋታው ሽታ መልሶ አስወጣን። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተሰየመ፤ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ «ይወገድ» ተባለ። የራሰው በመኪና ተጭኖ የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተደፋ፤ የተረፈው እዚያው ግቢ ውስጥ ነደደ። ጭሱን ቆሜ አየሁት።

ያቃጠልኩት ምን እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ወረቀት የእንጨት ቃጫ ነው። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲመታ ቃጫው ይላቀቃል፤ ቀለሙ ይታጠባል፤ በወንፊት ተጣርቶ፣ ተጨምቆና ደርቆ እንደገና ወረቀት ይሆናል። አንድ ቃጫ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል እንዲህ ሊመላለስ ይችላል። በየዙሩ እያጠረ ይሄዳል፤ ለጽሑፍ ባይበቃ ለካርቶን፣ ለካርቶን ባይበቃ ለእንቁላል ማስቀመጫ ይሆናል። ዛፍ ቆርጦ እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ውሃም ኃይልም ይቆጥባል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ከተሰበሰበ ነው። ዘይት የነካው፣ ከምግብ ትራፊ ጋር የተለወሰው፣ የሻገተው ወረቀት ዕድሉ አለቀ። እኔ የያዝኩት ደረቁን ነበር፤ እስኪሻግት ጠበቅኩት።

ተቀብሮ ሲበሰብስም ጉዳቱ ይቀጥላል። አየር በማይደርስበት ክምር ሥር ያለ ወረቀት ሚቴን ይተፋል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ ጉልበቱ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ የእኔ ጭነት ከዚያው ሥር ነበር። ተራራውን የናደው የእኔ ወረቀት ነው አልልም። ካገዘፉት እጆች አንዱ ግን የእኔ ነው። ያን ቀን ለቅሶውን ስሰማ የመጋዘኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ተሰማኝ።

ወንጂ ላይ የወረቀት ፋብሪካ ከተተከለ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ዛሬም ለደብተርና ለመጽሐፍ የሚሆን ወረቀት በውጭ ምንዛሪ እናስገባለን። በዶላር የገዛነውን አንድ ጊዜ ጽፈንበት እንቀብረዋለን። የቀደሙት ጸሐፍት እንኳ አሮጌ የብራና ቅጠል አይጥሉም ነበር፤ ለሌላ መጽሐፍ መጠበቂያ አድርገው ይሰፉት ነበር። እናቶቻችን ያረጀ ጋዜጣ በርበሬ ይጠቀልሉበታል። የተማርነው እኛ፣ ማኅተም የያዝነው እኛ ነን ወረቀቱን በኪሎ ሊገዛ የመጣውን ሰው ከበር የመለስነው። እርሱ ቢወስደው ኖሮ ለእርሱ የቀን እንጀራ፣ ለፋብሪካው ጥሬ ዕቃ፣ ለአንድ ልጅ ደብተር ይሆን ነበር። አሁን አመድ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። የመጋዘን ቁልፍ የያዛችሁ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዎች፣ ርእሳነ መምህራን፣ የማተሚያ ቤት ሰዎች፣ ቤታችሁ ካርቶን የሚከማችባችሁ ሁሉ፦ ደረቁን ከእርጥቡ ዛሬውኑ ለዩ። ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ጥያቄውን ዛሬ ጻፉ፤ ክረምት ደብዳቤ አይጠብቅም። ቆራሌው ሲጣራ ስትሰሙ በሩን ክፈቱለት። እኔ ዘግቼበታለሁ፤ ተመልሶ አልመጣም።