አንድ ማጫወቻ ለስንት ጆሮ?

«ሲዲ ሞቷል» የሚለውን አዋጅ ያልሰማ ተማሪ በዚህ ዘመን የለም። ዘፈኑም መዝሙሩም ትምህርቱም በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ አልቋል። ስለዚህ ስለ ሲዲ ማጫወቻ ምርጫ በኅብረታችን መጽሔት ላይ ልንጽፍ መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን ሳቁብን። መሣቃቸውን አንቃወምም፤ ብቻ ሳቁን ጽሑፉ እስኪያልቅ ድረስ እንዲያቆዩልን በትሕትና እንለምናለን። ነገሩ የዕቃ ነገር ቢመስልም መጨረሻው የሰው ነገር ነውና።

እኛ አራት ነን። አንዳችን የጫኖ ልጅ ሲሆን ሦስታችን ከየአገሩ መጥተን በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የተገናኘን ነን። ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር በሶዶ መንገድ ወደ ሰሜን ተጉዘን ጫኖ ከጓደኛችን እናት ቤት እንወርዳለን። ምክንያታችን በይፋ ጥናት ነው፤ በስውር ግን የእናቲቱ ምግብና የጓሮው ማንጎ መሆኑን አንባቢ ያለ እኛ እርዳታ ይገምተዋል። ሙዚቃችንም ያለው እዚያው ቤት፣ ከሙዙ ማሳ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ውስጥ ነው።

ቀድሞ የነበረን አንድ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻና ሁለት ስፒከሮች ነበሩ። ዐምና የጎረቤታችን ባለቤት ዐረፉ። ለቅሶ በተቀመጡበት መንደር ስፒከር መክፈት ነውር መሆኑን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላም ቢሆን የሐዘንተኛዋ ቤት ከእኛ መስኮት ዐሥር ርምጃ አይሞላም። ስፒከሮቹን በጆንያ ጠቅልለን ከአልጋ ሥር ከተትናቸውና የጆሮ ማዳመጫ ገዛን። የጆሮ ማዳመጫ ሰሚዎች የሆንነው እንግዲህ ለመቀናጣት ሳይሆን ሐዘንን ለማክበር ነው።

ለምን በሲዲ ጸናችሁ ለሚለን ደግሞ መልሳችን ይህ ነው። ሶኒና ፊሊፕስ ተስማምተው ባወጡት ደንብ (የመጀመሪያው የቤት ማጫወቻ በጃፓን ገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው) በሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በየሴኮንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት ይጻፋል። ለግራና ለቀኝ ሲባዛ በሴኮንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። በየስልኩ የምንቀባበለው ባለ 128 ሺሕ ቢት ኤምፒስሪ ከዚህ በዐሥራ አንድ እጅ ያህል ያነሰ ነው። የተጣለው ሁሉ በጆሮ ይታወቃል አንልም፤ ኤምፒስሪን ያዘጋጁት ሊቃውንት ጆሮ የማይለየውን መርጦ መጣል ያውቁበታል። ነገር ግን አንድ ዘፈን እየተፈታ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ገና ሲጨመቅ ጭብጨባው የዝናብ ድምፅ ይመስላል። ከዚህም ሌላ በአምሐ እሸቴ አሳታሚነት ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሸክላ የወጡት ዘፈኖች ብዙዎቹ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ትጋት «ኢትዮጲክስ» በተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ላይ ተመልሰውልናል። ከእነዚህ አምስቱን ከአንድ አጎት በውሰት አግኝተናል፤ ውሰቱም ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ወደ ማጫወቻው እንመለስ። ማንኛውም ሲዲ ማጫወቻ ሦስት ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛ፣ በሌዘር ጨረር ያነብባል። ሁለተኛ፣ ያነበበውን ቍጥር ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጣል። ሦስተኛ፣ ሞገዱን ለጆሮ ማዳመጫ እንዲበቃ ያጎላል። ማሻሻል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከሦስቱ የትኛው እንደ ደከመ ማወቅ አለበት፤ ያለዚያ ጥርሱን ለታመመ መነጽር እንደ መግዛት ይሆናል። የእኛን ድካም የነገሩን ግን እኒያው ጎረቤታችን ናቸው።

ከለቅሶው ጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሲዲ በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። «ልጆቼ፣ የእናንተ ዕቃ ይህን ያነብ እንደ ሆነ እስኪ እዩልኝ» አሉን። ሲዲው ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነው፣ በአንድ የመስቀል በዓል በደጋው አገር በዘመድ ቤት የተቀዳ ዘፈን ነበር፤ አውጪው ባለቤታቸው ነበሩ። ማጫወቻችን ሲዲውን ሦስት ጊዜ አሽከረከረና «ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ አሳየ። ደጋግመን ብንሞክረውም መልሱ ያው ነበር። እርሳቸውም ጽሑፉን አስተርጕመው ከሰሙ በኋላ፣ «እንግዲያው እሱም ሄዷላ» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን የማሻሻል ክርክር ሌላ መልክ ያዘ። ምክንያቱን በሳይንስ እንናገር። ከፋብሪካ የሚወጣ ሲዲ ጉድጓዶቹ ተቀርጸውበት ይመጣል። በቤት በኮምፒዩተር በርን የሚደረገው ግን በቀለም ላይ በሌዘር የተጻፈ ስለ ሆነ ቀለሙ በሙቀትና በፀሐይ ይደበዝዛል። የደከመ ሌዘር የፋብሪካውን እያነበበ ይህን አላይም ይላል። ስለዚህ «ዲስክ የለም» ማለት ሁልጊዜ ድምፁ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ዓይኑ ደክሟል ማለት ነው። ለእኒህ እናት የሰጠናቸውም ተስፋ ይህችው ብቻ ነበረች።

ገንዘብ አዋጣንና በሲቀላና በሴቻ ያሉትን ሱቆች ዞርን። ሦስት ዓይነት ዕቃ ቀረበልን። አንደኛው ስሙ የገነነ፣ የከበደና ያገለገለ የቤት ሲዲ ማጫወቻ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም የድምፅ መቈጣጠሪያም በፊቱ ላይ አለው። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጫወቻ ነው፤ መብራት ሲሄድ ያገለግላል፣ ቀዳዳው ግን ለአንድ ሰው ነው። ሦስተኛው በየቤቱ ከቴሌቪዥን ሥር አቧራ ሲጠጣ የምናየው ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ ነው። ይህ ለጆሮ ማዳመጫ የሚሆን ቀዳዳ የለውም፤ በስተ ኋላው ግን ያነበበውን ቍጥር ሳይለውጥ የሚያወጣ ዲጂታል መውጫ አለው። በርን የተደረገውንም ጭምር ለማንበብ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሌዘሩ ቢደክም መለዋወጫው ከጠጋኞች ዘንድ አይታጣም።

ከመካከላችን አንዱ ለገነነው ስም ተሟገተ። «ከባድ ዕቃ ከባድ ድምፅ ይሰጣል» የሚል ነው። ሌላው፣ የኤሌክትሪክ ተማሪው፣ «ቍጥር ቍጥር ነው፤ በትክክል ከተነበበ በወርቅ ሣጥንም በቆርቆሮም ያው ነው» አለ። በሙግት ስላልተስማማን ፈተና አደረግን። ሁለቱንም ዕቃዎች ከባለ ሱቁ ለአንድ ቀን ተውሰን፣ አንድ ዓይነት መለወጫና አንድ ዓይነት ማጉያ ላይ ገጠምናቸው። የድምፁንም ከፍታ በመለኪያ አስተካከልን፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ነው። አንዱ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ገመዱን እየለዋወጠ ሌሎቻችን የትኛው እንደ ሆነ ጻፍን። ጽሑፋችን ሳንቲም ወደ ላይ ጥሎ ከመገመት የተሻለ አልሆነም። ለስሙ የተሟገተውም ጓደኛችን በጨዋነት እጁን አነሣ፤ ተራው ዲቪዲ ማጫወቻ ተገዛ።

ሱቅ ሲኬድ የሚያስፈልገውን ብልሃት እዚህ ላይ እንጠቍም። ባለ ሱቁ ባዘጋጀው አዲስ ሲዲ አትሞክሩ፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ የተጫረ፣ አንድ በርን የተደረገ፣ አንድ ረጅም። ሲዲ የሚነበበው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለ ሆነ የመጨረሻውን ዘፈን አስከፍቱ፤ ደካማ ማጫወቻ የሚንገዳገደው ጠርዙ ላይ ነው። ዘፈኑን አቁማችሁ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጉና አድምጡ፤ ፉጨት ወይም እንደ ንብ የሚያጕረመርም ነገር ካለ ዕቃውን መልሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና መሳቢያውን ዐሥር ጊዜ ከፍቶ መዝጋትም አያሳፍርም።

ከገዛን በኋላ የጎረቤታችንን ሲዲ ከተትነው። ተሽከረከረ፤ ቆየ፤ ከዚያም አነበበ። የጆሮ ማዳመጫውን በነጠላቸው ላይ አደረግንላቸው። የጋሞ ደጋ ዘፈን አንድ ሰው ብቻ የሚዘፍነው አይደለም፤ አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ በየራሳቸው ጎዳና እየገቡ ድምፅ በድምፅ ላይ ይሸምናሉ። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ቤርናር ሎርታ ዣኮብ የዶርዜዎቹን ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1977 በሸክላ ያሳተሙት ይህ ጥበባቸው ደንቋቸው ነው። እኒህ እናት ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንዱን ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ አገኙትም። ከዚያም ሁላችንም የምንሰማ መስሏቸው በታላቅ ድምፅ፣ «ሰማችሁት? አሁን እሱ ነው! ለምን ዝም ትላላችሁ?» አሉን። እኛ ግን ምንም አንሰማም ነበር።

ሁለተኛው ማሻሻያ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። ከአንዱ ቀዳዳ በማከፋፈያ አራት የጆሮ ማዳመጫ መሰካት ቀላል ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን አይፈቅድም። እያንዳንዱ 32 ኦም የሆነ አራት ማዳመጫ በጎን በጎን ሲገጠም 8 ኦም ይሆናል፤ ለ32 የተሠራች ትንሽ ማጉያ በዚህ ሸክም ታቃስታለች፣ ድምፁም ይሻክራል። ደግሞም በአንዳንድ አሮጌ የቤት ማጫወቻዎች ቀዳዳ ውስጥ ያለው ተቃውሞ ከ100 ኦም ይበልጣል፤ እንደዚህ ያለው ላይ ባለ 32 ኦም ማዳመጫ ቢሰካ ከቮልቴጁ ሩብ ያህሉ ብቻ ይደርሰዋል፣ የወፍራሙ ድምፅ አያያዝም ይላላል። ደንቡ፣ የማጉያው ተቃውሞ ከማዳመጫው ተቃውሞ ስምንት እጅ ያነሰ ይሁን የሚል ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ተማሪው ለእያንዳንዱ ሰሚ የራሱ ትንሽ ማጉያና የራሱ መቈጣጠሪያ ያለው አምስት መውጫ ያለበት ሣጥን በየዳ ሠራ። አምስተኛው መውጫ የእርሳቸው ነው፤ ማንም አይነካውም።

ስለ አጠባበቅም ጥቂት እንበል። ጫኖ ቆላ ነው፤ ሙቀቱም አቧራውም መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ግፊትም ለዕቃ ጠላቶች ናቸው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን እንነቅላለን፤ ሲመለስ ጥቂት ጠብቀን እንሰካለን። ማጫወቻው የሸማ ልብስ አለው። ሲዲ ሲጠረግ በክብ አይታሽም፤ ከመካከል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጠረጋል። የሲዲው መስመር ጠመዝማዛ ነው፣ ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ብቻ ይነካል፤ ይህንንም ሪድና ሰለሞን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት የሒሳብ ዘዴ ማጫወቻው ራሱ ይሞላዋል። በመስመሩ ላይ ከ2.5 ሚሊ ሜትር እስከማይበልጥ ያለው ጉድለት ፈጽሞ ሊታረም ይችላል። መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ግን ብዙ ቃል ባንድ ጊዜ ይበላልና ማረም ያዳግታል። በሥዕሉ በኩል ያለ ጭረት ደግሞ ይብሳል፤ አንጸባራቂው ንጣፍ ያለው ከዚያው ሥር ነውና።

አሁን በመካከላችን የቀረው ክርክር አንድ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ጥቂት መዋጮ ተርፏል። አንዱ የተሻለ መለወጫ ይገዛ ይላል። ሌላው፣ በጫኖና በአካባቢው በየቤቱ ያሉትን እንደዚህ ያሉ ሲዲዎች የምንገለብጥበት ማስቀመጫ ይገዛ ይላል። በታወቁ አሳታሚዎች የወጡት ዘፈኖች ብዙ ጠባቂ አላቸው፤ የአንድ ጎረቤት ድምፅ ግን ያለችው በአንዲት ሲዲ ላይ ነው፤ እርሷም በየሙቀቱ እየደበዘዘች ነው። የእኒህን እናት ሲዲ ባነበበ ዕለት ገልብጠን በሁለት ቦታ አስቀምጠናል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ጎረቤት ያመጣው ሲዲ ግን አዲሱም ማጫወቻ አላነበበውም፤ ቀለሙ በመስኮት ፀሐይ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፅ ቈጠርን፤ ሦስት ለአንድ ማስቀመጫው አሸነፈ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለክረምት ወደየአገራችሁ ስትበተኑ ከቁም ሣጥኑ ላይና ከቴሌቪዥኑ ሥር ያሉትን ሲዲዎች ተመልከቱ። የሰርግ፣ የበዓል፣ የአያት ታሪክ የሚል ካገኛችሁ ዛሬውኑ ገልብጡ፤ ማን እንደ ሆነ፣ የትና መቼ እንደ ተቀዳም ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ። «ዲስክ የለም» የሚላችሁ ሲዲ ቢኖር ተስፋ ቈርጣችሁ አትጣሉት፤ ከመጽሐፍ መካከል አድርጋችሁ ይዛችሁት ኑ። ቅዳሜ ከእኛ ጋር ወደ ጫኖ እንወጣለን፤ ማንጎው ከእኛ፣ ሲዲው ከእናንተ።